ዳኛው ለምን ዝም አለ? የደብሊውኤንቢኤ ፕሌይኦፍ ግፊያና ፊሽካ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአሜሪካ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ደብሊውኤንቢኤ፣ ወደ ማብቂያው፣ ማለትም ዋንጫው ወደሚለይበት ፕሌይኦፍ ሲጠጋ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ ነገር ይመሳሰላል። ግማሹ ጥያቄ ነው፣ ግማሹ ንዴት ነው። ላስ ቬጋስ፣ ሚኒያፖሊስ፣ ሲያትልና ዋሽንግተን ያላችሁት ደግሞ ቡድኑ በራችሁ ላይ ስላለ ንዴቱ ይብስባችኋል። ለሁሉም በአንድ ቦታ ልመልስ። ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፕሌይኦፍ ሲደርስ ጨዋታው ለምን እንዲህ ይከርራል?

ቡድኖቹ ስለሚተዋወቁ ነው። በመደበኛው ውድድር አንድ ቡድን ዛሬ አንዱን፣ ከነገ ወዲያ ሌላውን ይገጥማል። ፕሌይኦፍ ላይ ግን ያው ሰው በየሁለት ቀኑ ፊትህ ይቆማል። የመጀመሪያው ዙር በሦስት ጨዋታ፣ ግማሽ ፍጻሜው በአምስት፣ ፍጻሜው ደግሞ ከ2025 ጀምሮ በሰባት ጨዋታ ነው የሚለየው። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ተከላካይዋ የአንቺን አሰልጣኝ ምልክት ከአንቺ በፊት ታነባለች። የት እንደምትሮጪ ካወቀች ደግሞ ቀድማ ደርሳ ደረቷን ትሰጥሻለች።

ጨዋታውን ስታዩ አንዴ ዓይናችሁን ከኳሱ አንሱ። ካሜራው ኳሱን ስለሚከተል ዋናው ትግል ብዙ ጊዜ ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ ነው። አንዷ ተኳሽ ከጓደኛዋ ጀርባ ዞራ ልትወጣ ትሮጣለች። የተከላካይዋ አንድ እጅ ወገቧ ላይ ነው። ሌላው ማሊያዋን ጫፉን ቆንጠጥ አድርጎ ይዟል። አንድ እርምጃ ትዘገያለች። ኳሱ ሲደርሳት የመተኮሻው ክፍተት ተዘግቷል። ማንም አልወደቀም፣ ማንም አልጮኸም። ግን ጥቃቱ ሞቷል።

ዳኛው ይህን አያይም ማለት አይደለም። በአንድ ጨዋታ አርባ ጊዜ ያየዋል። ሁሉንም ቢነፋ ጨዋታ የለም፣ የነጻ ውርወራ ሰልፍ ነው። ስለዚህ ትንሿን ያልፋታል። ተጫዋቾቹ ደግሞ ልጆች አይደሉም። ትንሿ ከታለፈች መካከለኛዋን ይሞክራሉ። መካከለኛዋም ከታለፈች ያው መገመት ነው።

ፋውሎቹ በስንት ይከፈላሉ?

ተራው የግል ፋውል አለ። ስድስት የሞላባት ተጫዋች ትወጣለች። ቴክኒካል ፋውል ለአፍና ለጠባይ ነው። በዳኛ ላይ መጮህ፣ ኳስ መወርወር፣ ተጋጣሚን መሳደብ የመሳሰሉት። ሁለት ያገኘች ተጫዋች ወይም አሰልጣኝ ከሜዳ ትባረራለች።

ከዚያ ፍላግራንት የሚባለው ይመጣል። ደረጃ አንድ አላስፈላጊ ንክኪ ነው። ደረጃ ሁለት አላስፈላጊም ከልክ ያለፈም ሲሆን ነው፣ ወዲያው ያስወጣል። ሁለቱም ሁለት ነጻ ውርወራና ኳስ ያስሰጣሉ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው አንድ ነገር አለ። ፍላግራንት ለማለት «ሆን ብላ ነው» ብሎ ማረጋገጥ አያስፈልግም። የዘለለች ተኳሽ በምታርፍበት ቦታ እግርሽን ካስገባሽ ክፋት ባይኖርሽም ልታገኚው ትችያለሽ። ይህ ጥብቅነት ከወንዶቹ የመጣ ነው። በ2017 ፕሌይኦፍ የሳን አንቶኒዮው ካዋይ ሌናርድ የዛዛ ፓቹሊያ እግር ላይ አርፎ ቁርጭምጭሚቱ ከተጎዳ በኋላ ነው ኤንቢኤ ያጠበቀው።

እኛ ትምህርት ቤት የተጫወትነው በዚህ ሕግ ነው?

ቅርብ ነው። እኛ ጋ የሚሠራው የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ የፊባ ሕግ ነው። አራት ጊዜ አስር አስር ደቂቃና የ24 ሰከንዱ ሰዓት አንድ ናቸው። ልዩነቱ ፊባ በአምስት ፋውል ያስወጣል፣ ደብሊውኤንቢኤ በስድስት። አንዷ ትርፍ ፋውል ቀላል እንዳትመስላችሁ። አንዲት ጠንካራ ተከላካይ አንድ ኃይለኛ ግጭት በነጻ አገኘች ማለት ነው። ሌላው፣ ደብሊውኤንቢኤ ተከላካይ ማንንም በቅርብ ሳትከላከል ከቅርጫቱ ሥር ከሦስት ሰከንድ በላይ እንዳትቆም ይከለክላል። ፊባ እንዲህ ዓይነት ክልከላ የለውም።

የናፊሳ ኮሊየር ጉዳት ላይ ምን ተፈጠረ?

ይህ ጥያቄ ነው ከሁሉ በላይ የሚመጣልኝ። መስከረም 26 ቀን 2025፣ ፊኒክስ። ሚኒሶታ ሊንክስ ከፊኒክስ ሜርኩሪ ጋር የግማሽ ፍጻሜውን ሦስተኛ ጨዋታ ያደርጋሉ። አንድ ለአንድ ናቸው። ሊንክስ በመደበኛው ውድድር 34 አሸንፎ 10 ብቻ የተሸነፈ፣ የዓመቱ አንደኛ ቡድን ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ግማሽ ደቂቃ አልቀረውም፣ ሜርኩሪ ይመራል።

የሊንክሷ ኮሊየር ኳስ ይዛ ወደ ፊት ስትወጣ የሜርኩሪዋ አሊሳ ቶማስ እጇን ሰደደች። ኳሷ ወጣች። በዚያው ቅጽበት እግር ከእግር ተጋጨ። ቶማስ ኳሷን ይዛ ሄደች፣ ኮሊየር ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ወደቀች። ፊሽካ የለም። የሊንክስ አሰልጣኝ ሼሪል ሪቭ ሜዳ ውስጥ ገባች፣ ሰው ይዞ ሊመልሳት አልቻለም። ሁለተኛ ቴክኒካል ተሰጣትና ወጣች። ጨዋታው 84 ለ 76 አለቀ።

ኮሊየር ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሦስት ጅማት ተጎድቶባት ቀጣዩ ጨዋታ አመለጣት። ሊንክስም ያንን 86 ለ 81 ተሸንፎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ፋውል ነበር ወይ? ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የቶማስ እጅ ኳሱን ቀድሞ ነክቷል። በሕጉ፣ ኳስ ለመንጠቅ በሚደረግ ትክክለኛ ሙከራ የሚፈጠር ንክኪ ሁሉ ፋውል አይደለም። እዚህ ድረስ ዳኛው መከራከሪያ አለው። ግን እጅ ብቻ አይደለም የሄደው፣ መላ ሰውነት ተከትሎ ሄዷል። የኮሊየርን መንገድ የዘጋው እሱ ነው። እኔ ብሆን እነፋ ነበር። የማይነፋውንም ሌባ አልለውም።

የሪቭ ንዴት ግን በዚህች አንዲት ግጭት የመጣ አልነበረም። ከጨዋታው በኋላ ያነሳችው ከሊጉ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዷ የሆነችው ኮሊየር ማታውን ሙሉ አንድም ነጻ ውርወራ አለማግኘቷን ነው። ዕቃው ቀድሞ ሞልቶ ነበር፣ ያቺ የመጨረሻዋ ጠብታ ናት ያፈሰሰችው።

ታዲያ ሪቭ ቻሌንጅ ለምን አልጠየቀችም?

አትችልም! እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚገርመው። የአሰልጣኝ ቻሌንጅ የሚሠራው የተነፋ ነገር ላይ ነው። ዳኛው ፋውል ካለ፣ ኳስ ወጥቷል ካለ፣ ወደ ቅርጫቱ የሚወርድ ኳስ ተነክቷል ካለ፣ አሰልጣኟ ጣቷን አሽከርክራ በቪዲዮ እዩልኝ ትላለች። ያልተነፋ ነገር ግን ለሕጉ እንዳልተፈጠረ ነው። ከእግር ኳሱ ቫር ጋር አታምታቱት። ቫር ዳኛው ያላየውን ፔናልቲ ጠርቶ ያሳየዋል። እዚህ ያ የለም።

ስለዚህ ሕጉ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። ዳኛ ተሳስቶ ከነፋ ማረም ይቻላል። ተሳስቶ ዝም ካለ ማረሚያ የለውም። ፕሌይኦፍ ላይ ደግሞ ስህተቱ የሚበዛው በዝምታ በኩል ነው።

በ2024 ፍጻሜ ሊንክስ «ተሰርቀዋል»?

ሪቭ ቃል በቃል እንዲያ ብላለች፣ ይህ ተሰርቆብናል ብላ። ነገ ጋዜጦቹ አለቀሰች ብለው እንደሚጽፉባትም ራሷ ቀድማ ተናግራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት 20 ቀን 2024፣ ብሩክሊን፣ አምስተኛውና የመጨረሻው ጨዋታ። ሊንክስ 60 ለ 58 ይመራል። 5.2 ሰከንድ ሲቀር የኒውዮርክ ሊበርቲዋ ብሪያና ስቱዋርት ወደ ቅርጫቱ ገብታ ስትተኩስ አላና ስሚዝ ነካቻት ተብሎ ተነፋ። ሪቭ ቻሌንጅ ጠየቀች። ዳኞቹ ቪዲዮውን አዩ። ውሳኔው ጸና። ስቱዋርት ሁለቱንም አስገባች፣ 60 እኩል። በጭማሪው አምስት ደቂቃ ሊበርቲ 67 ለ 62 አሸነፈና በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ።

ቻሌንጁ ለምን አልተሳካም? ምክንያቱም ዳኛው ቪዲዮ ሲያይ «አሁን ቢሆን እነፋው ነበር ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «መሳሳቴን የሚያረጋግጥ ግልጽ ማስረጃ አለ ወይ?» ብሎ ነው። ንክኪው ትንሽ ነበር። ግን ነበር። ትንሽ ንክኪ ያለበትን ውሳኔ በቪዲዮ ማስቀየር ግድግዳ መግፋት ነው።

ከዚያ ቁጥሩ አለ። ሊበርቲ 25 ነጻ ውርወራ ወረወረ፣ ሊንክስ 8። ይህን ቁጥር ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፣ እንደ ማስረጃ ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ይቀመጣል። ለብቻው ማስረጃ አይደለም። በረጅም ርቀት የምትተኩስ ቡድን ከምትሮጥና ቅርጫት ሥር ከምትገባ ቡድን ያነሰ ፋውል ታገኛለች፣ ጤነኛ ነገር ነው። ልዩነቱ ግን እንዲህ ሲሰፋ ጥያቄ ማንሳት ነውር አይደለም። እኔን ያሳመመኝ ሌላ ነው። ማታውን ሙሉ በዚያ መጠን የሚነካኩ ሰዎች ሲታለፉ አየን። ከዚያ 5.2 ሰከንድ ሲቀር መስፈሪያው ተቀየረ። ፋውሉ ፋውል ሊሆን ይችላል። ግን በመጀመሪያው ኳርተር ያልነበረ ፋውል በመጨረሻው ከየት መጣ?

ተጫዋች ከባድ ጨዋታ ትችላለች። ለስላሳ ጨዋታም ትችላለች። የማትችለው በየአስር ደቂቃው የሚቀያየር ጨዋታን ነው።

ሊጉ ተሳስተናል ብሎ አምኖ ያውቃል?

ያውቃል፣ ያውም በዚሁ በሊንክስ ላይ። አሁንም ጥቅምት 20 ነው፣ በ2016። ያው አምስተኛ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ተጋጣሚው ሎስ አንጀለስ ስፓርክስ። 1 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ሲቀር ኔካ ኦግዉሚኬ ያስገባችው ኳስ ከእጇ የወጣው የ24 ሰከንዱ ሰዓት ካለቀ በኋላ ነበር። ተቆጠረ። ስፓርክስ በአንድ ነጥብ፣ 77 ለ 76፣ ዋንጫውን በላ። በማግሥቱ ሊጉ ኳሱ መቆጠር እንዳልነበረበት፣ ዳኞቹም ቪዲዮ ማየት እንደነበረባቸው አመነ። ዋንጫው ግን አልተመለሰም። በስምንት ዓመት ልዩነት በዚያው ቀን ሁለት ዋንጫ ያጣችው ሪቭ፣ ዳኛ ስታይ ደሟ ቢፈላ እኔ አልፈርድባትም።

ወንዶቹ ጋ፣ በኤንቢኤ፣ ተቀራራቢ ጨዋታዎች ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውሳኔ አንድ በአንድ ተገምግሞ በማግሥቱ ይፋ ይሆናል። ሴቶቹ ጋ ይህ አሠራር አልነበረም። ያለው፣ ከጨዋታው በኋላ አንድ ጋዜጠኛ ሁሉንም ወክሎ ዋና ዳኛውን ጥቂት ጥያቄ መጠየቁ ነው።

የሴቶቹ ጨዋታ ከወንዶቹ የበለጠ ግፊያ አለበት እንዴ?

በዚህ የላስ ቬጋስ ኤሴስ አሰልጣኝ ቤኪ ሃሞንን ስሙ። ሁለቱንም ቤት ታውቃለች። በሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ለዓመታት የግሬግ ፖፖቪች ረዳት ነበረች። ታኅሣሥ 30 ቀን 2020 ፖፖቪች በጨዋታ መሃል ከሜዳ ሲባረር ቡድኑን ተረክባ የኤንቢኤ ጨዋታ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። በ2025 ፕሌይኦፍ ወቅት ያለችው ባጭሩ ይህ ነው፦ የሴቶቹ ግፊያ ከቁጥጥር ውጭ ነው፣ እዚህ የሚታለፈው መያዝና መግፋት ኤንቢኤ ውስጥ ቢሆን ድብድብ ያስነሳል።

ወንዶቹ ጋ ኳስ የሌለው ተጫዋች በነጻነት እንዲሮጥ ዳኞች ለዓመታት ሲያጠብቁ ቆይተዋል። ለዚያ ነው ነጥቡ እንደዚያ የሚቆለለው። ሴቶቹ ጋ ያ ጥብቅነት አልሰረጸም።

ዳኞቹ እነማን ናቸው? ሥራቸው ይህ ብቻ ነው?

በየጨዋታው ሦስት ናቸው። ብዙዎቹ ደብሊውኤንቢኤን ብቻ ይዘው አይኖሩም። የአሜሪካ ብርድ ወቅት ሲመጣ የሴቶች ኮሌጅ ጨዋታና የኤንቢኤን ታዳጊ ሊግ ያጫውታሉ። ኮሌጅ ውስጥ የሚነፋው ሌላ፣ እዚህ የሚነፋው ሌላ። ጎበዝ የወጣላቸው ደግሞ ወደ ወንዶቹ ሊግ የሚያሻግራቸውን መንገድ ይፈልጋሉ፣ ክፍያውም ክብሩም እዚያ ስላለ። ኤንቢኤ በ1997 ቫዮሌት ፓልመርንና ዲ ካንትነርን ሲቀጥር ለሴት ዳኞች ትልቅ በር ተከፍቷል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ጥሩ ጥሩው ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እዚህ ማን ይቀራል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ፕሌይኦፍ ላይ የሚመደቡት በዓመቱ ውጤታቸው ተመርጠው ነው፣ ያ ትንሽ ያግዛል።

ዳኛ የተቸ ሁሉ ለምን ይቀጣል?

ሊጉ የዳኞች ተዓማኒነት እንዳይሸረሸር ነው ይላል። ከኮሊየር ጉዳት በኋላ ሪቭ የሊጉ የዳኝነት አመራር ይቀየር አለች፣ ጠንከር ያሉ ስድቦችም ጨመረችበት። 15,000 ዶላርና የአንድ ጨዋታ እገዳ ተወሰነባት። የሚገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። ሃሞንና የኢንዲያና ፊቨሯ አሰልጣኝ ስቴፋኒ ዋይት እሷ ያለችው እውነት ነው ስላሉ ብቻ እነሱም እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ተቀጡ። ልብ በሉ፣ ሁለቱ በዚያው ሰሞን እርስ በእርስ በሌላኛው ግማሽ ፍጻሜ እየተፋለሙ ነበር። ተፋላሚዎች ተስማምተው አንድ ነገር ካሉ ያንን ነገር ማየት አይሻልም? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ይሄ ነው።

ኮሊየር ግን አልተወችውም። መስከረም 30 ጋዜጠኞች ፊት የጻፈችውን አነበበች። የሊጉን አመራር በዓለም መጥፎው አለችው። ስለ ዳኝነት ሳነሳባት የሊጉ ኮሚሽነር ካቲ ኤንግልበርት «ስለ ዳኛ የሚያለቅሱት ተሸናፊዎች ናቸው» ብላኛለች ስትልም ተናገረች። ኮሊየር ተራ ተጫዋች ብቻ አይደለችም፣ የተጫዋቾች ማኅበር ምክትል ፕሬዝዳንት ነበረች። ኤንግልበርት በበኩሏ ከተወራው ውስጥ ትክክል ያልሆነ ብዙ ነገር አለ አለች፣ ማዘኗንም ገለጸች።

ኬትሊን ክላርክን ሆን ብለው ነው የሚመቷት?

ይህን ጥያቄ ባይጠይቁኝ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም የሚጠይቁኝ ሰዎች መልሱን ይዘው ነው የሚመጡት። ሁለት ነገር ለዩልኝ። ሰኔ 1 ቀን 2024 የቺካጎ ስካይዋ ቼኔዲ ካርተር የኢንዲያና ፊቨሯን ኮከብ ክላርክን ኳስ ወደ ሜዳ ሳይገባ በጎን ገፍታ ጣለቻት። መጀመሪያ ተራ ፋውል ተባለ፣ በማግሥቱ ሊጉ ወደ ፍላግራንት አንድ ከፍ አደረገው። ያ ግልጽ ነው።

መስከረም 22 ቀን 2024 በፕሌይኦፉ የመጀመሪያ ጨዋታ ደግሞ የኮኔቲከት ሰኗ ዲጆናይ ካሪንግተን ኳስ ልትነካ ስትል ጣቷ የክላርክ ዓይን ውስጥ ገባ። ዓይኗ ጠቆረ። ፊሽካ የለም። ኢንተርኔቱ ነደደ። ክላርክ ራሷ ግን ሆን ተብሎ የተደረገ አይደለም አለች። መነፋት ነበረበት? አዎ። ጥላቻ ነበር? ተጎጂዋ የለም እያለች እኛ ምን አገባን።

ሊጉ ምን አደርጋለሁ አለ?

በ2025 ፍጻሜ ዋዜማ ኤንግልበርት በዳኝነቱ ላይ ሊጉና ቡድኖቹ እንዳልተግባቡ ገብቶናል ብላ፣ የጨዋታውን ሁኔታ የሚያይ ኮሚቴ እናቋቁማለን አለች። ኮሚቴ ሲባል የሀገራችንም ሰው ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ። የእኔ ምኞት ግን ከኮሚቴ ያነሰ ነው፦ አሰልጣኞች ያልተነፋውንም አንድ ጊዜ እንዲያስመለከቱ ይፈቀድላቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ግምገማም እንደ ወንዶቹ ይታተም።

ከአዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው የማየው? ምንስ ልመልከት?

መስከረምና ጥቅምት ላይ ኒውዮርክ ከእኛ ሰባት ሰዓት ወደኋላ ናት። እዚያ ከምሽቱ 8 ሰዓት የሚሉት እኛ ጋ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ምዕራብ ጠረፍ ላይ ከሆነማ ጨዋታው ሲያልቅ ሰፈሩ ዳቦ ሊገዛ ወጥቷል። ቡና አፍሉ።

ስታዩ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች እንዳትስቱ። ያኔ ነው ተጫዋቾቹ ዳኞቹን የሚፈትኑት። አንዷ ኳስ የሌላትን ልጅ በክንዷ ትገፋለች፣ ከዚያ ቀና ብላ ዳኛውን በጎን ታያለች። ከተነፋባት እጇን ትሰበስባለች። ካልተነፋባት ግን እጇ እዚያው ይቀራል።